ለሕቢብ፣ የማድሪድ እንግዶች አስተርጓሚ

ለሕቢብ ስፓንኛ የለመደው ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ ነው። አባቱ ናፍዕ በውቅያኖሱ ዳር ባለችው በቪያ ሲስኔሮስ ከተማ፣ ለስፔን ወታደሮች ዳቦ በሚጋገርበት ቤት ዱቄት ተሸካሚ ነበር። ልጁ ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ጋጋሪዎቹ ሲሰዳደቡ እየሰማ አደገ። ስለዚህ መጀመሪያ ያወቀው ስፓንኛ ስድብ ነው፤ ሰላምታው በኋላ መጣ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ግን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ የሚበልጥ አንባቢ ሆኖ ነበር።

በዚያ ዓመት ስፔን የሰሃራን ሰው ሁሉ ቆጠረች። መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ቆመና፣ «የተቆጠራችሁት ልትጠየቁ ነው። አገራችሁ የማን እንደምትሆን ራሳችሁ በድምፃችሁ ትወስናላችሁ። ስፔን ቃሏን ሰጥታለች» አላቸው። ለሕቢብ ይህንን ለአባቱ ሲያስተረጉምለት ናፍዕ ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ ጠረገና፣ «የሰጠችው በጽሑፍ ነው በአፍ?» ብሎ ጠየቀ። 

ዓመት ሳይሞላ የማድሪዱ ገዢ አልጋ ላይ ዋለ። ከሥሩ ያሉት ሹማምንት ሰሃራን ለሞሮኮና ለሞሪታኒያ አካፍለው ወታደሮቻቸውን በመርከብ ጫኑ። መምህሩም ከወታደሮቹ ጋር ሄደ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፈው የግስ እርባታ እንኳ ሳይጠፋ ነው የሄደው። ከሰሜን የሞሮኮ ጦር ሲገባ የናፍዕ ቤተሰብ እንደ ሌላው ሁሉ ወደ በረሃው ወጣ። መንገድ ላይ አውሮፕላን ደረሰባቸው። የለሕቢብ ታናሽ እህት ዙኤና እዚያው ቀረች። የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። በእጃቸው ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯትና ጉዟቸውን ቀጠሉ፤ ለማልቀስ የቆመ ሰው ሌላ አውሮፕላን ይጠብቀው ነበርና።

በአልጄሪያ ምድር፣ ከቲንዱፍ ከተማ ወዲህ፣ ግመል እንኳ የማይሰማራበት ድንጋያማ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለ። «ለአንድ ክረምት ነው» ተባለ። ለሕቢብ ጢሙ ማቀምቀም ሲጀምር እንደ እኩዮቹ ጠመንጃ ይዞ የሞሮኮን ጦር ሊዋጋ ወደ ግንባር ሊዘምት ተሰለፈ። አዛዡ ስፓንኛ መቻሉን ሲሰማ ከሰልፉ አወጣው።

«አንተ መሣሪያህ ምላስህ ነው» አለው። «እንግዶች ይመጣሉ። ሰው ያለቀሰውን ለእነሱ ንገር፣ እነሱ ያሉትን ለሰው ንገር። ግንባርህ ይኸው ነው።»

ለሕቢብ በዚህ ነገር ለሳምንት አኩርፎ ከረመ። ጓደኞቹ «የወሬ ወታደር» ይሉት ነበር።

ሃያ ዓመቱ ነበር፣ በፈረንጆቹ 1981 የጸደይ ወራት፣ ዶን አንሴልሞ የመጣ ጊዜ። ዶን አንሴልሞ የስፔን ተቃዋሚ ፓርቲ የፓርላማ አባል ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ፀሐይ አንገቱን ያቀላው ሰው። ሴቶቹ ጥቁር ጥምጥም ጠመጠሙለት፤ የግመል ወተት ሰጡት፤ እስኪጠግብ ጠጣ። ከዚያ በውሃ ቦቴ መኪናው ደረጃ ላይ ወጥቶ ተናገረ። ለሕቢብ ከሥሩ ቆሞ ያስተረጉማል። ሰውየው የአገሩን መንግሥት ረገመ፤ ሰሃራን የሸጠ እጅ ይቆረጥ አለ፤ በመጨረሻም አለቀሰ። እንባው እውነተኛ እንደነበር ለሕቢብ እስከ ዛሬ ይምላል።

ያን ጊዜ ከፊት ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ብድግ አለች። ሳልካ ትባላለች። ባሏ ባለፈው ክረምት ግንባር ላይ ሞቷል። የሁለት ዓመት ልጇን ሐምዲን በጎኗ ታቅፋዋለች።

«እንግዳችን» አለች፣ «ለቅሶህን አየን፤ እግዜር ይስጥህ። አገራችን የምንገባው መቼ ነው?»

ለሕቢብ ጥያቄዋን አስተረጎመ። ዶን አንሴልሞ ዓይኑን በጥምጥሙ ጫፍ እየጠረገ፣ «ብዙ እንደማይቆይ ተስፋ አደርጋለሁ» አለ። ያለው ይችን ብቻ ነው።

ለሕቢብ ወደ ሴቶቹ ዞረ። ሦስት መቶ ፊት ያየዋል። የሳልካ ልጅ አውራ ጣቱን ይጠባል። የለሕቢብ አፍ ከፈቃዱ ቀደመ።

«ይህ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ አገራችሁ ትገባላችሁ ይላል! ፓርቲዬ ሥልጣን የያዘ ዕለት የመጀመሪያው ሥራችን የእናንተ ጉዳይ ነው፣ በእናቴ እምላለሁ ይላል!»

ሜዳው በእልልታ ተናጋ። ሳልካ ልጇን ወደ ላይ አንስታ አሳየችው። ዶን አንሴልሞ እልልታው ከየት እንደመጣ ስላልገባው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና፣ «አየህ፣ ሕዝቡ ልቤን አየው» ብሎ በለሕቢብ ጆሮ ሹክ አለው። ለሕቢብም ደስ አለው። ውሸት የተናገረ አልመሰለውም። ሰውየው ሊል የፈለገው እኮ ይህንኑ ነው፤ የነጭ ቋንቋ ስስ ሆኖበት ነው እንጂ፤ ብሎ ራሱን አሳመነ።

በሚቀጥለው ዓመት መኸር የዶን አንሴልሞ ፓርቲ ምርጫውን በሰፊው አሸነፈ። ሰፈሩ ሦስት ግመል አረደ። ሰዎች ለሕቢብን ራሱ እንደተመረጠ ትከሻው ላይ እየመቱ እንኳን ደስ ያለህ አሉት።

ከዚያ ጠበቁ። በዓመቱ ማድሪድና ሞሮኮ የዓሣ ውል ተፈራረሙ። ለሕቢብ በልጅነቱ እግሩን የነከረበት ባሕር ዓሣ የእነሱ ሆነ። ቀጥሎ ማድሪድ ለሞሮኮ መሣሪያ ትሸጣለች የሚል ወሬ መጣ። ሰው፣ «የቀድሞው መንግሥት የጀመረው ይሆናላ፤ እስኪያጸዱት ነው» አለ።

ሐምዲ ስድስት ዓመት የሞላው ዕለት ለሕቢብ ማድሪድ ነበር። ከሰሃራ መልእክተኞች ጋር ለማስተርጎም ሄዶ ነው። ዶን አንሴልሞ አሁን መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ትልቅ ወንበር ይዟል። አርባ ደቂቃ አስጠብቆ አስገባቸው።

«ለሕቢብ! ጢምህ ረዘመ እኮ!» ብሎ አቀፈው። መልእክተኞቹ ጉዳያቸውን ተናገሩ። ዶን አንሴልሞ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብዕር እያሽከረከረ አዳመጠና ተነፈሰ።

«ያኔ ያልኩትን አልክድም። ግን ያኔ የሚሰማኝ እናንተ ብቻ ነበራችሁ። አሁን የምናገረውን ዓሣ አስጋሪው ይሰማል፣ ጄኔራሉ ይሰማል፣ ሞሮኮ ድንበር ላይ ያለው ነጋዴ ይሰማል። መንግሥት መሆን ሌላ ነው፣ ለሕቢብ።»

«እኛስ?» አለ ለሕቢብ። ማስተርጎሙን ትቶ ራሱ መናገሩ ነበር።

«እናንተማ ልቤ ውስጥ ናችሁ!»

«ልብህ ውስጥ አይጠበንም ወይ ጌታው? መቶ ሺህ ሰው ነን እኮ።»

የመልእክተኞቹ መሪ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው። ዶን አንሴልሞ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥምጥም የጠመጠመ ዕለት እንደሳቀው አልነበረም። ሲወጡ ለሁሉም የብዕር ስጦታ ሰጣቸው።

ለሕቢብ ወደ ሰፈር ሲመለስ የመጀመሪያው ክፍል ልጆች ከጭቃ ከተሠራው ትምህርት ቤት ሲወጡ ደረሰ። ሳልካ ልጇን ልትወስድ ቆማለች። አየችው። የሐምዲን እጅ ይዛ በሌላው መንገድ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ለሕቢብ ሲያስበው ክር እንደተተረተረበት ጨርቅ ነው፤ መያዣ የለውም። ተኩስ ቆመ። የተባበሩት መንግሥታት ሰዎች መጥተው ድምፅ የሚሰጠውን መመዝገብ ጀመሩ። ለሕቢብም ስፔን በቆጠረችው መዝገብ ላይ የአባቱን ስም አገኘ፤ ናፍዕ ግን ስሙ ተገኘ ሲባል ሳይሰማ ሞቶ ነበር። ሕዝበ ውሳኔው ለከርሞ ተባለ። ለከርሞም ለከርሞ ተባለ። ከዚያ በኋላ ቀን የሚቆርጥ ጠፋ።

ማድሪድ ላይ አንዱ መንግሥት ወርዶ ሌላው ይወጣል። ለሕቢብ ሥርዓቱን እንደ ጸሎት ሸመደደው። የወረደው ፓርቲ በወሩ ፍቅሩ ይመለስለታል፤ ልዑካኑ ይመጣሉ፤ ጥምጥም ይጠመጥማሉ፤ ያለቅሳሉ። የወጣው ፓርቲ ደግሞ አምና ያለቀሰበትን ሰፈር በካርታ ላይ ፈልጎ አያገኘውም። ምርጫ በደረሰ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ሬዲዮ ለመስማት የለሕቢብን ድንኳን ያጨናንቃል። ሚስቱ ተስለም ሻይ እያፈላች፣ «የዘንድሮው ሙሽራ ማን ነው?» ትላለች። «ጥሎሽ የማይከፍል ከሆነ እኛ ልጅ የለንም በሉት።» ሰው ይስቃል። ቢሆንም ሌላው መንግሥት ሲወጣ መጠበቁን አይተውም። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ታልባ የማታውቅ።

ለሕቢብ ራሱ ሌላ አስተርጓሚ ሆነ። የተባለውን ብቻ፣ በተባለው ልክ ያስተረጉማል። እንግዳው ሲጮኽ እሱ አይጮኽም። አንድ ጊዜ አንዲት ልዑክ «አስተርጓሚው ስሜት የለውም» ብላ ከሰሰችው። አለቃው ጠርቶ ሲጠይቀው፣ «እኔ ጨው አልጨምርም» አለ። «አንድ ጊዜ የጨመርኩት እስከ ዛሬ ያስጠማኛል።» አለቃው አልገባውም። ለተስለምም አልነገራትም።

ሐምዲ በእነዚህ ዓመታት አደገ። እንደ ብዙዎቹ ልጆች ለትምህርት ኩባ ተልኮ፣ አሥራ ሁለት ዓመት እናቱን ሳያይ ኖሮ፣ ነርስ ሆኖ ተመለሰ። ረጅም፣ ተጫዋች ሰው ወጣው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ለሕቢብን ባየው ቁጥር የኩባ ስፓንኛውን ይለቅበታል።

«ይሄ ቋንቋ ነው ወይስ ዘፈን?» ይለዋል ለሕቢብ።

«የእርስዎስ አጎቴ? ዳቦ ዳቦ ይሸታል።»

ለሕቢብ ይስቃል፤ ግን ዓይኑን ከሐምዲ ዓይን ያሸሻል። ሐምዲ ያንን ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። አክብሮት መስሎት ይሆናል።

በፈረንጆቹ 2020 ኅዳር ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የተኩስ ማቆም ፈረሰ። ሐምዲ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ሦስት ልጆች አሉት። የቁስለኛ መኪና ይዞ ለመዝመት ራሱ ጠየቀ። ወር ሳይሞላ ከዋሽንግተን ወሬ መጣ። በምርጫ ተሸንፎ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት የቀረው መንግሥት፣ ሰሃራ የሞሮኮ ናት ብሎ ተቀበለ። ሰፈሩ በቁጣ ነደደ፤ ቀጥሎ ተጽናና። «የሚወጣው ነው ያለው፤ የሚገባው ይሽረዋል» ተባለ። ሐምዲም ለፈቃድ በመጣ ጊዜ ይህንኑ አለ። «በጥር ይሻራል፣ አጎቴ፤ ያያሉ።»

ጥር መጣ። አዲሱ መንግሥት ገባ። አልሻረውም፤ ዝም አለ። የካቲትም መጋቢትም ዝም እንዳለ አለፉ። በሚያዝያ ሐምዲ ሁለት ቁስለኛ ጭኖ ሲመለስ ሰው አልባ አውሮፕላን መኪናውን መታው። የተገኘውን እዚያው ቀበሩት። ለሳልካ የእጅ ሰዓቱን አመጡላት። የስኳር በሽታ ዓይኗን ጨርሶት ነበርና ሰዓቱን በጣቷ ዳሰሰችው፤ መስታወቱ የለም።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በመጋቢት ደግሞ ከማድሪድ ደብዳቤ ወጣ። ግማሽ ምዕተ ዓመት «እኛ መካከል ላይ ነን» ስትል የኖረችው ስፔን፣ ሰሃራ በሞሮኮ ሥር ሆና ራሷን ታስተዳድር የሚለው የሞሮኮ ሐሳብ ከሁሉ የተሻለው ነው ብላ ለሞሮኮው ንጉሥ ጻፈች። የጻፈው፣ ከዚያ በፊት ተቃዋሚ ሳለ ሰሃራ ሰሃራ ይል የነበረው ያው የዶን አንሴልሞ ፓርቲ ነው። ዶን አንሴልሞ ራሱ ሞቷል። የሰፈሩ ሴቶች አዳራሽ ተሰብስበው ቃል በቃል ይነበብልን አሉ። ለሕቢብ ተጠራ።

አነበበ። አንድ አረፍተ ነገር በስፓንኛ፣ አንድ በአገራቸው ቋንቋ። ሲጨርስ ጣሪያው ላይ ያለው ቆርቆሮ በንፋስ ሲንኳኳ ብቻ ይሰማል። ሳልካ ከፊት ተቀምጣለች።

«ለሕቢብ ነህ?» አለች።

«አዎ፣ እህቴ።»

«የጎደለ አለ?»

«የለም። የተጨመረም የለም።»

«እስኪ ድገመው።»

ደገመው። ሳልካ አንድ ጊዜ ራሷን ነቀነቀችና ዱላዋን ፈልጋ ተነሣች።

ለሕቢብ ተከትሏት ሄደ። እቤቷ ድረስ፣ ዝናብ የናደውን ግድግዳ ሐምዲ መልሶ ወደ ሠራው ቤት። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሻይ አላቀረበችለትም፤ የሐምዲ ሚስት ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። አርባ አንድ ዓመት ሆዱ ውስጥ ያደረውን ነገር በአንድ ትንፋሽ አወጣው። ሰውየው ያለው ምን እንደነበር፣ እሱ የጨመረው ምን እንደነበር፣ ትምህርት ቤቱም መሐላውም የእሱ እንደነበሩ።

 ሳልካ ስትመልስ ድምፅዋ እንደ ተራ ወሬ ነበር።

«ወንድሜ ላስ ፓልማስ፣ የስፔን ደሴት ላይ ነበር፤ መርከብ ይጠግናል። እንግዳው በሄደ በወሩ መጣ። ወረቀቱን ሁሉ ጨርሶ፣ ለእኔም ለልጁም። ‹ተነሺ እንሂድ› አለኝ። እኔ ሳቅሁበት። ‹ሐምዲ ትምህርት ቤት ሳይገባ አገራችን ልንገባ ነው፤ ለአራት ዓመት ብዬ ባሕር አልሻገርም› አልኩት። ‹ማን ነገረሽ?› አለኝ። ‹ስፔናዊው ማለ፤ በጆሮዬ ሰማሁ› አልኩት። ሁለት ቀን ለመነኝ። ተቆጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልጻፈልኝም።»

«ሳልካ…»

«ሐምዲ የዚያ ወንድሜ ቤት ቢያድግ ኖሮ ዛሬ ሞተር ይጠግን ነበር። ይወፍር ነበር። በየሳምንቱ እየደወለ ያሰለቸኝ ነበር።»

«አላወቅሁም። በአላህ እምላለሁ አላወቅሁም።»

«አንተ አትማል። ማንም ይማል፣ አንተ ግን አትማል።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ውጣልኝ። በሩን አትዝጋው፤ ሽታህ ይውጣ።»

ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። በሳልካ ቤት ሁለቱም ጠፉ።

ለሕቢብ ድንኳኑ እስኪደርስ ድረስ እግሩ የረገጠውን አላየም። ለተስለም ነገራት። ተስለም የምትሰፋውን ጨርቅ አስቀመጠች።

«አርባ ዓመት ይህን ይዘህ ነው ከጎኔ የተኛኸው?»

«አዎ።»

«አሁንስ ለምን ነገርካት?»

«ማወቅ የሚገባት መሰለኝ።»

«የከበደው አንተን ነው። አውርደህ በእሷ ላይ ጫንከው» አለች ተስለም። ቁጣ የለባትም፤ ድካም ነው ያለባት። «እሷ ቢያንስ የምትረግመው ስፔናዊ ነበራት። እሱንም ወሰድክባት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሕቢብ አላስተረጎመም። እንግዳ መቀበያው ሁለቴ መኪና ላከበት፤ ጉሮሮዬን አሞኛል ብሎ መለሰ። ስፔን የተማሩ ወጣቶች ሞልተዋልና ሦስተኛ አልጠሩትም። ወደ ሳልካ ቤት ግን መሄዱን አልተወም። በየሳምንቱ አንድ የተለፋ የፍየል ቆዳ፣ ወይም ምስር፣ ወይም የቆርቆሮ ዓሣ ይዞ በሩ ላይ ያስቀምጣል። ለሐምዲ ሚስት «ከሰፈር ኮሚቴ ነው በያት» ብሎ ነበር። ሳልካ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ተቀበለች። በሁለተኛው፣ «የእግሩን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ መልሺለት» አለች። ምራቷ አፍራ አንገቷን ደፍታ መለሰችለት። እሱም ለሌላ ድሃ ሰጠው። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሄደ፤ እንደገና ተመለሰለት። ይህ ከዓመት በላይ ቀጠለ። አንድ ቀን እንኳ ወደ ውስጥ ግባ አልተባለም።

በ2023 ሐምሌ፣ ጥላ ሥር እንኳ ብረት በእጅ በማይነካበት ሰሞን፣ የሳልካ እግር ቆሰለ፤ ቁስሉም ወደ ላይ ወጣ። ሆስፒታሉ እግሯ ይቆረጥ አለ፤ እሷ እምቢ አለች። ምራቷ ለሕቢብን ጠርታ፣ «ይምጡና ይቅርታ ይጠይቋት፤ ጊዜ የለም» አለችው። ሮጦ ደረሰ። ሳልካ የእግሩን ኮቴ ሰማችና እጇን ከምንጣፉ ላይ አነሳች፤ ቁም ማለቷ ነበር። በሩ ላይ ቆመ። ከሰዓቱን ሁሉ እዚያው ቆሞ ዋለ። እጇን አላወረደችም፤ ደክሟት ራሱ እስኪወድቅ ድረስ። በማግስቱ ጠዋት ሞተች።

እሑድ ዕለት ከሰፈሩ በስተምዕራብ ባለው ሜዳ ቀበሯት። መሬቱ ድንጋይ ነውና ስድስት ወንዶች እየተፈራረቁ ቆፈሩ። ለሕቢብም ስልሳ ሁለት ዓመቱ ቢሆንም ዶማውን ከእጁ አልለቅ አለ፤ መዳፉ ላይ ውሃ ቋጠረ። ከቀባሪዎቹ አንዱ፣ ቡጁምዓ የሚባል ጎረቤቱ፣ ሲመለሱ ከጎኑ ሆነ።

«ዛሬ እኮ ማድሪድ ምርጫ ነው» አለው። «ወሬው ተቃዋሚዎቹ ያሸንፋሉ ነው። እነሱ ደብዳቤውን ነቅፈውት ነበር። ይሽሩት ይሆን፣ ለሕቢብ? አንተ ታውቃቸዋለህ።»

ለሕቢብ ቆመ። አሸዋው ከሳንዳሉ እስኪወርድ እግሩን አራገፈ።

«የውሃው መኪና ዛሬ ይመጣል?» ብሎ ጠየቀው።

«ነገ ነው ያሉት።»

«እንግዲያው ለልጆቹ የእኔን በርሜል ውሰድላቸው» አለ፤ የሐምዲን ልጆች ማለቱ ነው። «ቤቱ ለቀስተኛ ስለሚበዛበት አይበቃቸውም።»

ቡጁምዓ መልሱን ጠብቆ ትንሽ ከጎኑ ሄደ።  ሰፈሩ ጫፍ ሲደርሱ ቡጁምዓ በርሜሉን ሊያመጣ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ለሕቢብ በፀሐዩ መሐል ወደ ድንኳኑ ሄደ።